የሰንበቴው ብራና

የሰንበቴያችን ሰዎች ስለ ብራናው መጽሐፍ የሚያወሩት ታሪክ አላቸው። ተረኛው ዳቦውን አስቆርሶ፣ ጠላው ተቀድቶ ሲያበቃ አንዱ ጎልማሳ «እስቲ ያን የጣልያን ጊዜውን ይንገሩን» ያላቸው እንደሆነ አለቃ ተስፋው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ውሸት ነው። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ አፌን ዘግቼ ሰምቼዋለሁ። በዚያ ታሪክ ውስጥ እኔ «አንዲት ሕፃን» እባላለሁ። አባቴ ስም እንኳ የለውም፤ «ያ ሰውዬ» ነው።

አባቴ መሪጌታ እጅጉ ይባላል።

ሚካኤላችን ከማንኩሳ ወደ ቡሬ ሲሄዱ ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ ወይራ የከበበው ጉብታ ላይ ነው። እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ትልልቆቹ ሰንበቴ ቤት ይገባሉ። አባቴ ከብራናው አንድ ምዕራፍ በግእዝ ያነብና በአማርኛ ይተረጉምላቸዋል። የአገሩ አዋቂ ሌላ ትምህርት ቤት አልነበረውም። ማረስ የሚያውቅ፣ መሟገት የሚያውቅ፣ ፊደል ግን የማይለይ ሰው ስለ ጾም፣ ስለ ንስሐ፣ ወሰን ስለመግፋት የሚማረው እዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ ከአባቴ አፍ ነበር። እኛ ልጆች ደጅ ሆነን ዳቦ እንጠብቃለን። እኔ ግን በጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ ብራናውን አያለሁ። ከጥቁሩ ጽሕፈት መካከል ቀይ አለበት። ጥቁሩ የሰው ድምፅ፣ ቀዩ የእግዚአብሔር ድምፅ ይመስለኝ ነበር። ማንም አልነገረኝም፤ ራሴው ያወጣሁት ነው። ገና ሰባት ዓመቴ ነበር።

ጣልያን ቡሬ ከገባ በኋላ ከሰበካችን ዘጠኝ ሰው ጫካ ወጣ። አንዱ የእናቴ ታናሽ ወንድም ዳኘው ነበር፤ ሲስቅ ጥርሱን በእጁ የሚሸፍን፣ እኔን «አደይ ወይዘሮዋ» እያለ የሚያናድደኝ ሰው። እነሱ በወጡ ሰሞን ሴቶች ቤታችን ይመላለሱ ጀመር። የታከለን እናት አስታውሳለሁ። ከአባቴ ፊት ተንበርክካ የቀለሙን ቀንድ ይዛለታለች፤ አለቃ ተስፋው አጠገባቸው ቆመዋል።

«የኔታ፣ የክርስትና ስሙ ብቻ ይበቃል እንዴ?»

«ለሚካኤል ይበቃል፣ እናቴ።»

«ኧረ ስንት ኃይለ ሚካኤል ሞልቷል በዚህ አገር! የዓለም ስሙንም ያስገቡልኝ። የአባቱንም። የማን ቤት እንደሆነም። መልአኩ ሌላ ሰው ሲጠብቅ ቢያድርብኝስ?»

አለቃ ተስፋው ሳቁ። «ጻፍላት እንጂ እጅጉ። መልአኩን ምን አንገላታው!»

አባቴም ሳቀ፣ በቀይ ቀለም ጻፈላት። እኔ ለታመመ ሰው የሚጻፍ መድኃኒት መሰለኝ። ታከለ ታሟል ብዬ ለጓደኞቼ አወራሁ።

የአገሩ ልማድ ነው። መጽሐፍ ያጻፈ ሰው ስሙ ከምዕራፉ ማብቂያ ይገባል፤ ምዕራፉ በተነበበ ቁጥር በረከቱ እንዲደርሰው። የእኛ ሰዎች ልማዱን አሰፉት። ጫካ የገቡትን ዘጠኙን ሰዎች ከነአባታቸው፣ ከነቤታቸው፣ ከነዘመዳቸው በኅዳጉ፣ በገጹ ጠርዝ ላይ፣ አስጻፉ። በየእሑዱ ስማቸው ሲጠራ «አሜን» እያሉ መሬት ይስሙ ነበር። ጸሎት አድርሰናል ብለው ለጣልያን ዝርዝር አዘጋጁለት። ከዚያ ሁሉ አዋቂ አንድ ሰው፣ አንድ፣ «ኧረ ይኸ ነገር» አላለም። አባቴም አላለም። ሲጽፍ አይቼዋለሁ።

ጣልያን በገባ በሦስተኛው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ ዓርብ ቀን፣ ደወሉ ያለሰዓቱ ተደወለ። ክንዱ ከቡሬ መጥቶ ነበር። ክንዱ የአባቴ ተማሪ ነበር፤ ዳዊት ሳይደግም ጠፍቶ ለቡሬው ሹም አስተርጓሚ ሆነ። ባርኔጣውን ሳያወልቅ ሰንበቴ ቤት ገብቶ ከመካከል ቆመ።

«ሹሙ እንዲህ ይላል» አለ። «ለትልልቅ ሰው የሚነበበው መጽሐፍ በየቤተ ክርስቲያኑ አንድ ይሁን። ምርጫው የናንተው ነው። ወይ ይኸን» ብሎ ከቦርሳው አንድ የታተመ መጽሐፍ አወጣ፤ «ወይ የራሳችሁን። የራሳችሁን ካላችሁ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡሬ ይምጣና ይመርመር። ከተመረመረ ማኅተም ይመታበታል። ይኸኛው ማኅተሙ አለበት፤ መንገድ ቀረላችሁ።»

መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። በመጀመሪያው ገጽ የብረት ቆብ የደፋ ሰው ሥዕል አለ። ውስጡ በጥያቄና መልስ የተዘጋጀ የክርስትና ትምህርት ነው፤ መልሶቹ መካከል መካከል ላይ ለሮማ መታዘዝን ያስተምራሉ። ማንበብ የማይችለው ሰው ሁሉ ሥዕሉን እያየ አፍንጫውን ነፋ።

«ብራናችን!» አለ አንዱ። «ብራናችን እንጂ!» አለ ቤቱ።

ያኔ አባቴ ተነሣ።

«እኔ የታተመው ይሁን እላለሁ።»

በስንጥቁ ውስጥ አንገቱን ብቻ ነበር የማየው፤ የደም ሥሩ ተገትሯል።

«ብራናው አርጅቷል። ሽማግሌን ለምርመራ ቡሬ ድረስ አያንገላቱትም። የሚያነበው እኔ አይደለሁ? ይኸን አነባለሁ። ያ ግን ከቤቱ አይውጣ። ከቤቱ አይውጣ ብያለሁ!»

ክንዱ እዚያው ቆሞ ነበር። ከዚህ በላይ ምን ሊል ይችላል? ዛሬ ያን ንግግር ቃል በቃል ስደግመው «አይውጣ» የሚለው ሁለት ጊዜ መሆኑን አያለሁ። ያኔ የሰማሁት የታተመውን ማለቱን ብቻ ነው። ሁሉም የሰማው ያንኑ ነው፤ እኔ እንኳ ልጅ ነበርኩ።

ከሴቶቹ ወገን እማሆይ ባንቺአየሁ ድምፃቸውን አሰሙ። ከቅጥሩ አጠገብ ባለች ጎጆ የሚኖሩ፣ የሚፈሩ መነኩሲት ነበሩ።

«መሪጌታ፣ የእርስዎ ሚካኤል ከመቼ ወዲህ ነው የብረት ቆብ የሚደፋ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ክንዱ አብሮ ሳቀና የአባቴን ትከሻ መታ መታ አደረገ። «አትሳቁባቸው። የኔታ ድሮም ልባም ናቸው።»

ከስድቡ ይልቅ ያ ምስጋና አቃጠለኝ።

አለቃ ተስፋው «እጅጉ ብቻውን ነው፤ ብራናው ይሁን» ብለው ዘጉት። እልል ተባለ።

ወደ ቤት ስንሄድ አባቴ እጄን ሊይዝ ፈለገ። እጄን ከነጠላዬ ውስጥ ከተትኩ።

«ባንዳ ማለት ምንድን ነው?» አልኩት።

«ማን አለሽ?»

«ማንም።»

ቤት አድርሶኝ ተመልሶ ወጣ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ መጣ። ብራናው እንደሆነ ከቅርጹ አወቅሁት። ዕቃ ቤቱ በአለቃ ተስፋው ቁልፍ እንደሚከፈት፣ ቁልፉም ከአንገታቸው እንደማይወርድ አገሩ ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር። የሰረቀው መሰለኝ።

በማግሥቱ ቅዳሜ ነበር። በእኛ አገር ቅዳሜ ሰንበት ነው፤ እንጨት አይፈለጥም፣ እህል አይፈጭም። እናቴ ወለተ ሐና ከደጃፉ ላይ ባቄላ ዘርግታ ተቀምጣለች፤ ትፈለፍላለች ግን አትፈለፍልም። «ሂጂ ተጫወች፤ ራቅ ብለሽ» አለችኝ። ራቅ በይ የተባለ ልጅ ወዴት ይሄዳል? በጓሮ ዞርኩ።

አባቴ ከጎተራው ጀርባ፣ በማገሩ ክፍተት የሚገባውን ብርሃን ይዞ ተቀምጧል። ብራናው ጉልበቱ ላይ ተከፍቷል። በእጁ ብራና የሚፍቅባት ትንሽ ቢላዋ አለች። ጎንበስ ብሎ ገጹን ይስማል፤ ከዚያ ይፍቃል። ክሽ፣ ክሽ፣ ክሽ። ቀዩ እየተላጠ ይነሣል። በከንፈሩ እፍ ይልበታል። ገጽ ይገልጣል፤ ይስማል፤ ይፍቃል። ጉልበቱ ላይ ቀይ የተቀላቀለበት ዱቄት ነበር።

የእግዚአብሔርን ድምፅ እየፋቀ ነው። በቅዳሜ። ትናንት ስለተሸነፈ ተናዶ። እየሳመ እየፋቀ ያላግጣል። የልጅነት ልቤ ይኸን ሁሉ ባንድ ጊዜ ገጣጠመው፤ አንዲት ቀዳዳ አልተወለትም። እንደዚያን ቀን እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም።

እማሆይ ከጎጆዋቸው ደጃፍ ምስር ይለቅማሉ።

«እማሆይ፣ አባቴ የሚካኤልን ቃል በቢላዋ ይፍቃል።»

«አንች ልጅ! በቅዳሜ?»

ሰፌዱን እንደያዙ ተነሡ፤ ምስሩ መንገድ ለመንገድ ፈሰሰ። «የሚካኤል ያለህ! ያገር ያለህ!» ቤታችን ሲደርሱ ሃያ ሰው ተከትሏቸዋል። እናቴ ከደጃፉ ተነሥታ እጆቿን ዘረጋች። ገፍትረዋት ገቡ። እኔም በመካከላቸው ነበርኩ፤ ኮርቼ።

አባቴ ሮጦ ለማምለጥ አልሞከረም። ቢላዋዋን ይበልጥ ያፋጥናት ነበር። ሰው እጁን ጠምዝዞ ብራናውን እስኪነጥቀው ድረስ ይፍቅ ነበር። ከዚያ ቀና ሲል መጀመሪያ ያየው እኔን ነው። ከዚያ እማሆይን አየ። ከዚያ ደግሞ እኔን። ገባው።

«ልጅቱን አውጧት» አለ።

«ምን ልታደርገው ነው አንተ?» አሉ እማሆይ። «እርስዎ» የሚለው እዚያው ቀረ። «ላንተው ጣልያን ልታሰናዳው ነው?»

አለቃ ተስፋው መጡ። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። አባቴ ሙሉ ፊቱን ወደሳቸው አዞረ፤ ውኃ የተጠማ ሰው ውኃ የያዘን ሰው እንደሚያየው። አለቃው የተፋቀውን ገጽ አዩ። የሰዉን ፊት አዩ። ከሰዉ መካከል ከክንዱ ጋር የሚበላ የሚጠጣ አንድ ዘመዱ ቆሟል፤ እሱንም አዩት።

«ከእኔ ደብቀህ?» አሉት አባቴን።

አባቴ ራሱን ወደ መሬት ደፋ።

እዚያው ላይ ገዘቱት። ጽዋ እንዳይቀምስ፣ መጽሐፍ እንዳይዝ፣ ሰው ከማዕዱ እንዳይቀርብ።

በነጋታው ብራናው በጥላ ተይዞ፣ በከበሮ ታጅቦ ወደ ቡሬ ወረደ። የሴቶቹ እልልታ እስከ ወንዙ ተሰማ። እኔም እስከ ወንዙ ሸኘሁት። እያጨበጨብኩ።

ክንዱ አንባቢ ነው። እኛው ያስተማርነው። የተፋቀውን አይቶ ሲጠይቅ ያመጡት ሰዎች እየተሻሙ «የናንተን መጽሐፍ የወደደ አንድ መሪጌታ አበላሸብን» አሉት። ያ ክስ አባቴን ከገመድ አዳነው። ክንዱ ግን ማገላበጡን አልተወም። መጨረሻ ላይ ቢላዋ ያልነካው አንድ ኅዳግ አገኘ፤ ዳኘው፣ የክርስትና ስሙ እንዲህ፣ የአባቱ ስም እንዲህ፣ የመሪጌታ እጅጉ ሚስት የወለተ ሐና ወንድም።

ሮብ ዕለት መጥተው እናቴን ወሰዷት። ወንድሟ እስኪገባ ትታሰራለች አሉ። ዳኘው በሁለት ሳምንቱ እጁን ሰጠ። ቡሬ ገበያ፣ በገበያ ቀን ሰቀሉት። እናቴ ሁለት ጥርሷን አጥታ ተመለሰች። ሰንበቴ ቤቱ ምን አለ? «ሚካኤል ፈረደበት» አለ። እዳው በሚስቱ ወጣ አለ። እኔም አልኩ። ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጅ ለአባቷ ውኃ ስታቀብል ፊቷን አዙራ ነበር።

ጣልያን ወጣ። ሰዎቹ ከጫካ ወረዱ፤ ከዘጠኙ ስምንቱ። ታከለ ጠጉሩን እንዳጎፈረ፣ ጠመንጃውን እንዳነገተ ቤታችን ድረስ መጣ። አባቴ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር። ታከለ በሰው ፊት በጥፊ መታው። ጥምጣሙ ወድቆ ተተረተረ። አባቴ ጎንበስ ብሎ አንሥቶ፣ አቧራውን አራግፎ፣ ቀስ ብሎ ጠመጠመው። እናቴ አፏን ልትከፍት ስትል በዓይኑ ከለከላት። እኔ በሩ ጥግ ቆሜ ነበር። የከለከላት እኔ ስላለሁ መሆኑን አላወቅሁም።

ጣልያን በወጣ በሁለተኛው ዓመት አባቴ ሞተ። ሊሞት ሲል አለቃ ተስፋው መጥተው ግዝቱን ፈቱለት፤ «ምሕረት ይገባዋል፣ ሁላችንም ኃጥኣን ነን» ብለው። ያንን ምሕረት እስከዛሬ ይተርኩታል። ዳቦ ሲቆረስ።

እናቴ የነገረችኝ አምና ነው፤ እሷም ልትሞት ሰሞን። ያን ዓርብ ዕለት ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው «ነገ ጨርሰህ መልሰው፤ እኔ የማውቀው ነገር የለም» ብለው የሰጡት አለቃ ተስፋው ናቸው። ሊፍቅ ሲቀመጥ «የወንድሜን አስቀድምልኝ» ብላው ነበር። «የሰው አደራ ይቀድማል፤ የእኛው መጨረሻ ይሁን፤ ቀኑ ይበቃኛል» አላት። ከዚያ በኋላ ለምን ዝም እንዳለ ስጠይቃት እንዲህ አለችኝ።

«ለጣልያን ዘመኑማ፣ ከተናገረ ስምንቱም ሊያልቁ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ... ሰዉ እውነቱን ከሰማ አንችም ትሰሚያለሽ። ‹ልጄ አጎቷን ማስገደሏን አውቃ አትደግ› አለኝ። በቃሌ አስማለኝ።»

ይኸን ስጦታ አልጠየቅሁትም። አባቴን የምወቅሰው ቢኖር በዚህ ነው። የእኔን ድርሻ ተሸክሞልኝ ሄደ፤ አለቃ ተስፋውም በዚያው ሽፋን ድርሻቸውን አስሸከሙት።

ባለፈው እሑድ ሰንበቴያችን መጽሐፍ ሊመርጥ ተሰብስቦ ነበር። ከቡሬ የተመለሰው ብራና መነበብ አቅቶታል፤ ወጣቱ ቄስ ከፍኖተ ሰላም ሦስት የታተሙ የአማርኛ መጻሕፍት አምጥቶ፣ አንዱ ስለ ጸሎት፣ አንዱ ስለ ትዳር፣ አንዱ የወንጌል ትርጓሜ፣ ለትልልቆቹ የሚሆነውን ምረጡ አለ። ክርክሩ ደህና ነበር። አንዱ ሽማግሌ የትዳሩን አንሥቶ «ይኸ ከሠላሳ ዓመት በፊት ነበር ለኔ» ብሎ አሳቀን። እኔ በእናቴ ቦታ ተቀምጫለሁ።

ያኔ አለቃ ተስፋው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ድምፃቸው ግን አለ። «ከመምረጣችሁ በፊት እኛ ባባቶቻችን መጽሐፍ እንዴት እንደጸናን ልንገራችሁ። አንዲት ሕፃን ነበረች...»

«ሕፃኗ እኔ ነኝ» አልኩ።

በሰው ፊት መናገር አልችልም፤ ድምፄ ይሰበራል። ያን ቀንም ተሰበረ። በተሰበረው ቀጠልኩ።

«አባቴ መሪጌታ እጅጉ ናቸው። የፋቁት የጫካ ሰዎችን ስም ነው። ስማቸውን ከነቤታቸው አስጽፋችሁ ቡሬ ልትልኩት ስለሆነ ነው የፋቁት። ቁልፉን የሰጧቸው እርስዎ ነዎት፣ አባ።»

«ተቀመጭ ልጄ» አሉ አለቃው።

«ሰጥተዋቸዋል ወይስ አልሰጧቸውም?»

ወጣቱ ቄስ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ያያል። አለቃው በእጃቸው አንገታቸው ላይ ያለውን የቁልፍ ገመድ ዳሰሱ።

«ሽፋኑን እንዲያድስ ነው የሰጠሁት» አሉ።

በሃያ አራት ዓመት ውስጥ ቁልፉን መስጠታቸውን ሲናገሩ ያን ጊዜ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ሰው ሁሉ ሰማ።

ብራናውን ከአትሮንሱ አወረድኩ። አባቴ አላስተማረኝም፤ ካደግሁ በኋላ ራሴ ነው ፊደል የቆጠርኩት። ገለጥኩ። በየኅዳጉ ሳስቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ቦታ አለ። እናቴ በቃሏ ይዛ የነገረችኝን ስም በየገጹ ላይ እየጠራሁ አሳየኋቸው። ከተጠሩት ሁለቱ እዚያው ተቀምጠው ነበር።

አንዱ ታከለ ነው። ጽዋውን መሬት ላይ አስቀመጠ። አሁን ሽማግሌ ነው። ተነሥቶ አጠገቤ መጣ፤ ፊደል አያውቅም፤ አባቴን የመታበትን እጁን ወደ ገጹ አስጠጋና ሳይነካው ተወው።

«እኔ ስንተኛ ነበርኩ?» አለኝ።

«ሁለተኛ።»

«ዳኘውስ?»

«ዘጠነኛ» አልኩት። «እኔ እማሆይን የጠራሁት አባቴ ስምንተኛው ላይ ሳሉ ነው።»